ስለ ሞተርህ ኮይልና ስለ ሀምዱ ስም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለእንድሪስ፣ ባለህበት ጅዳ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ባለፈው የጻፍክልን የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም መሪ ላይ ስትቀመጥ ይወጋሃል? እንቅልፍ ታገኛለህ? ምግቡ ተስማማህ? አብሮህ የሚኖረው የከሚሴው ልጅ ደህና ነው? እኛ በአላህ ፈቃድ ሁላችንም በሕይወት አለን። ከናፍቆትህ በቀር የሚያሳስበን ነገር የለም ብዬ እንዳልጽፍልህ ግን ዘንድሮ ሌላም የሚያሳስብ አለ፤ እሱን ቀስ ብዬ አመጣዋለሁ።

እማ ደህና ናት። ጉልበቷን ብርድ ሲነካው ትነጫነጫለች እንጂ ሌላ ሕመም የለባትም። እህታችን ሰልዋ ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ትወስዳለች፤ እኔ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ባለመሆኗ አላህን ታመሰግናለች። መውሊድ በሰላም አለፈ። የጓሮው በኩል ጣሪያ ተቀይሯል፤ ባለፈው የላክኸው ለእሱ ዋለ። ኮምቦልቻ እንደምታውቃት ናት። የግንቦት ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው ይውላል፣ ደሴ ላይ ደግሞ ሰው ዛሬም ጋቢውን አልጣለም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ እማ ሳታውቅ ነው። ሌላ ጊዜ እሷ ትናገራለች እኔ እጽፋለሁ፤ ያንተም ሲመጣ ጮክ ብዬ የማነብላት እኔ ነኝ። የዛሬው ቃል ግን የራሴ ነው፤ ስለ ሞተርህና ስለ መካኒኩ ሀምዱ፣ ስለ እጮኛህ ስለ ከይሪያ ወንድም ነው። በጥር ወር «ሀምዱ የሞተርህን ኮይል ሰርቆ በምትኩ አሮጌ አስገባባት» ብዬ የጻፍኩልህ ስህተት ነበር። አንተም ያንን ይዘህ «ከሌባ ቤት አላገባም፣ ለእነ ከይሪያ ሽማግሌ ልካችሁ ቃሉን መልሱ» ብለህ ለእማ ጻፍክ። እማ ሽማግሌዎቹን እስካሁን አልላከችም። «መውሊድ ይለፍ» ስትል ቆየች፣ መውሊድ አለፈ፤ አሁን ደግሞ «ሐምሌ ይግባ» ትላለች። ከሐምሌ በላይ የምታቆየው አይመስለኝም። ስለዚህ ይህ ወረቀት በቶሎ እንዲደርስህ በፖስታ ቤት ሳይሆን ወደ እናንተ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬዋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ አንተ ሞተር ስለምታውቅ አይሰለችህም።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ደሴ ዙሪያ፣ የሐረጎን ዳገት ጨርሰህ ከአስፋልቱ ወጣ ስትል ነው። ከኮምቦልቻ በሞተርህ በየቀኑ ወጥቼ እመለሳለሁ። ኅዳር ላይ ሞተሯ አመል አወጣች። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ትወጣና አናቱ ላይ ለመድረስ ሁለት ኩርባ ሲቀራት ድንገት ድርቅ ትላለች። መንተፋተፍ የለ፣ ማሳል የለ፣ እሳቱን አንድ ሰው እፍ እንዳለባት ዝም ነው። ቤንዚን አላት፣ ቁልፉ በርቷል፣ ሸሚዜ ላብ በላብ እስኪሆን እረግጣታለሁ፤ አትነሳም።

እንዲህ ስትሆንብኝ ማንኛውም የኮምቦልቻ ሰው የሚያደርገውን አደርጋለሁ። ወደ ላይ ከመግፋት ወደ ታች መንከባለል ስለሚቀል ፊቷን አዙሬ፣ ቁልፉን አጥፍቼ፣ በቁልቁለቱ እስከ ሀምዱ ጋራዥ ድረስ እወርዳለሁ። አንተም ደህና በነበረችበት ጊዜ ሐረጎን የምትወርደው ቁልፍ አጥፍተህ ነበር፤ ቤንዚን ማትረፊያ ብለህ ያስተማርከኝ አንተው ነህ። ሀምዱ በር ላይ ስደርስ እጁን በጨርቅ ይጠርግና አንዴ ይረግጣታል። ትነሳለች። እኔ ግማሽ ሰዓት የለመንኳት ሞተር ለእሱ በመጀመሪያው ርግጫ ትነሳለች።

ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። ሀምዱ ካንዴላዋን ፈትቶ የሞተሯ አካል ላይ አስደግፎ ሲረግጥ የሚወጣው እሳት ሰማያዊና ወፍራም ነው። ሽቦውን በጣቱ ተከትሎ አየ፣ ካርቡራተሩን አጠበ፣ ምንም አላገኘም። «ሙዓዊያ፣ ይቺ ልጅ የተጣላችው ከእኔ ጋር አይደለም፣ ካንተ ትምህርት ቤት ጋር ነው» አለኝ። ሳቅን። በአራተኛው ግን አልሳቅሁም፤ ዳይሬክተሩ ስለ መቅረቴ ማስጠንቀቂያ ጽፎብኝ ነበር።

ሀምዱ አራት ቀን እሱ ዘንድ አቆያት። ስትመለስ አንድ ሳምንት ደህና ሄደች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያችው ኩርባ ላይ ቆመች። ቀጥሎ ያለውን ሳምንት ደግሞ ደህና። አንድ ሳምንት እየጾመች አንድ ሳምንት የምትበላ ይመስል ነበር። እማ «የሰው ዓይን ነው» አለች። እኔ የተማርኩት ሰውዬ ደግሞ «ሀምዱ የሆነ ነገር ነክቷታል» አልኩ። በኋላ ሳየው ከሁለታችን የእማ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የማንንም ስም አላነሳችም።

በታኅሣሥ መጨረሻ እንደገና ስትቆም አንድ አይሱዙ አግኝቼ ጭኜ ወደ ደሴ ወሰድኳት። ፒያሳ አካባቢ ጸጋው የሚባል ሞተር ሠሪ አለ፤ ጴንጤ ነው፣ መዝሙር እያንጎራጎረ የሚሠራ ረጋ ያለ ሰው። የቤንዚን ሰልባትዮዋን አንስቶ ሥሯ ያለውን፣ ለካንዴላዋ እሳት የሚሰጠውን ኮይል ተመለከተና «ይሄ ኮይል የዚህች ሞተር አይደለም፣ ከሌላ የመጣ አሮጌ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «መቼ እንደተለወጠና ማን እንደለወጠው ግን አላውቅም» አለ፤ የራሷን ዓይነት ስላላገኘ ያንኑ መልሶ ገጠመው። የመጀመሪያውን ግማሽ ለአንተ ጻፍኩልህ። ሁለተኛውን ግማሽ አልጻፍኩልህም። በንዴት ላይ ስለነበርኩ የሰማሁትም አይመስለኝም።

ሰፈራችን ሲጣላ የሚያስታርቁት አበጋር ሸህ ዳምጤ መሆናቸውን ታውቃለህ። ሀምዱን እሳቸው ፊት አቆምኩት። ሰውም ተሰብስቦ ነበር። እኔም «የሞተሯን የራሷን ኮይል በእጄ አልፈታሁም ብሎ ቁርአን ይዞ ይማልልኝ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልናገርም» አልኩ። መሐላውን በዚህ ቃል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሀምዱ «የማንንም ሐቅ አልበላሁም፤ ሙዓዊያ ያለውን መሐላ ግን አልምልም» አለ። ሸህ ዳምጤ ሁለት ጊዜ ጠየቁት፣ ሁለት ጊዜ ይህንኑ መለሰ። በእኛ አገር ከመሐላ የሸሸ ሰው ጥፋቱን የተናገረ ያህል እንደሆነ ላንተ አልነግርህም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ሞተሩን ከሀምዱ ጋራዥ አራቀ። የመሥሪያ ቤቶቹ ሞተሮች ወደ ሌላ ሄዱ። በር ላይ ተቀምጦ የሳይክል ጎማ ሲለጥፍ አየው ነበር፤ በበሩ ሳልፍ ደግሞ ፊቴን ወደ ማዶ አዞር ነበር። እውነት እልሃለሁ፣ ያኔ ትክክል የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሞተሯን ከጥር ጀምሮ ግቢ አቁሜ በመኪና እመላለስ ነበር፤ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ባወጣት እንደልማዷ ቆመች። እንደልማዴ ልንከባለል ብዬ ፊቷን ካዞርኳት በኋላ ወደ ማን ነው የምሄደው አልኩ። ከሀምዱ ጋር ተጣልቼአለሁ። ስለዚህ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ከቦርሳዬ የተማሪ ፈተና አውጥቼ ማረም ያዝኩ። ሠላሳ ሁለት ወረቀት አረምኩ። ስጨርስ ተነስቼ፣ እንድትነሳ ብዬ ሳይሆን ንዴቴ እንዲወጣልኝ ብዬ አንዴ ረገጥኳት። ተነሳች። ማንም ሳይነካት፣ ምንም ሳይፈታ፣ በመጀመሪያው ርግጫ።

በማግስቱ ካንዴላ መፍቻና አንድ ኮዳ ውሃ ይዤ ወጣሁ። ያችው ኩርባ ላይ ቆመችልኝ፤ በሕይወቴ ሞተር በመቆሟ ደስ ያለኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ካንዴላዋን ፈትቼ የሞተሯ አካል ላይ አስደግፌ ረገጥኩ፤ እሳት የለም። እጄን ወደ ሰልባትዮዋ ሥር ሰድጄ ኮይሉን ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ። መሐረቤን በውሃ ነክሬ ጠቀለልኩበት። ሁለት ሦስት ጊዜ ውሃውን አደስኩለት፣ ትንሽ ቆይቼ ረገጥኩ፤ ሰማያዊ እሳት ተንጣጣ። ኮይሉ ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ሲግል የሆነ ቦታ ላይ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል ማለት ነው። ሙቀት ብረትን እንደሚለጥጥ በየዓመቱ በጠመኔ ሰሌዳ ላይ የምጽፈው እኔ ነኝ።

የሳምንቱም ነገር ያን ጊዜ ገባኝ። ትምህርት ቤታችን በፈረቃ ነው፤ አንድ ሳምንት ጠዋት አስተምራለሁ፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። በጠዋቱ ሳምንት ሐረጎን የምወጣው በብርድ ነው፣ ሞተሯ አትቆምም። በከሰዓቱ ሳምንት የምወጣው በስድስት ሰዓት ፀሐይ ነው፣ ትቆማለች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ መንከባለሉ ነው። ሐረጎን ቁልፍ አጥፍተህ ስትወርድ ነፋሱ እስከ ኮምቦልቻ ድረስ ኮይሉን ሲያራግበው ይወርዳል። ሀምዱ ጋ የምትደርሰው ቀዝቅዛ፣ ድና ነው። በሽተኛዋን በመንገድ እያዳንኩ ሐኪሙን «በሽታዋን አላገኘህም» ብዬ ስወቅስ ከረምኩ። ሀምዱ ምንም ያላገኘው ምንም ስላልነበረባት ነው። እዚያው ኩርባ ላይ ብቻዬን ቆሜ አፈርኩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ኮይሉ መለወጡ እውነት ነው፤ ጸጋው አልተሳሳተም። ስለዚህ ቤት ስደርስ ኮይሉን ፈትቼ አወጣሁት። ከቦታው ያነሰ ስለሆነ እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ በከመነዳሪ ጎማ የተጠቀለለ ጋዜጣ ታጥፎ ተደርጎበታል። ጋዜጣውን ዘረጋሁት። ዳሩ በዘይት ጠቁሯል፣ ቀኑ ግን ይነበባል። ታኅሣሥ 1992 ይላል። አንተ ወደ ጅዳ የሄድከው በዚያው ዓመት በጥር ነው፤ ሞተሯን የተረከብኳት ከሄድክ በኋላ ነው። እንግዲህ ኮይሉ የተለወጠው በእኔ ጊዜ አይደለም ብዬ፣ ወዲያው እርግጠኛ ሆንኩ ማለት ግን አልችልም፤ አሮጌ ጋዜጣ በየትኛውም ጊዜ ይገኛል። ስለዚህ ይዤው ወደ ሀምዱ ሄድኩ።

ሀምዱ ጎማ እየለጠፈ ነበር። ሰላምታዬን መለሰ። ጋዜጣውን ተቀበለኝ፣ አየው፣ በድሮው እጥፋት አጥፎ መለሰልኝ። «አማና ነው፣ በአደራ የተነገረኝ» አለኝ። የማን አማና ነው ስለው «አማና ያለኝ ሰው ነው የሚያነሳልኝ» ብሎ ወደ ጎማው ተመለሰ። እኔም ልወጣ ስል ከይሪያ ከጓሮው በር ብቅ አለች። ሁሉንም ስትሰማ ነበር። «የእሱ አፍ ታስሯል፤ እኔን ግን ማንም አማና ያለኝ የለም» አለችና ተናገረች። ሀምዱ ዝም እንድትል ሁለት ጊዜ ነገራት፤ እሷ ግን አንድ ጊዜም ወደ እሱ አልዞረችም።

ያኔም ጓሮ ሆና ሰምታችሁ ነበር፤ የነገረችኝን አንተ ከእኔ የበለጠ ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ማወቄን እንድታውቅ ልጻፈው። ፓስፖርትህን ይዞ የነበረው ደላላ ያንተን የመሰለች ሞተር ነበረችው፣ ኮይሏም ተቃጥሎበት ነበር። ኮይል ካላመጣህልኝ ጉዳይህ አይንቀሳቀስም አለህ። አንተም ሀምዱን የሞተርህን እንዲፈታልህና በምትኩ ከወዳደቀ ብረት መሐል አንድ አሮጌ እንዲያስገባልህ ለመንከው። እምቢ ሲልህ፣ ሞተሯን አንዲት ብሎን ሳይጎድላት ለወንድሜ ትቼ እሄዳለሁ ብዬ ለእናቴ ተናግሬአለሁና እነሱ እንዳይሰሙ፣ አማና አልከው። በገዛ እጁ ፈታልህ። እኔ ደግሞ ከስንት የመሐላ ቃል መርጬ «በእጄ አልፈታሁም በል» አልኩት። ቢምል በሐሰት ይምላል፣ ምክንያቱን ቢናገር አማናህን ይበላል። ሁለቱንም ትቶ ስሙን አስበላ።

እንድሪስ፣ ኮይሉን በመስጠትህ አልፈርድብህም። መንገድህ ተዘግቶብህ ነበር፤ እኔም ብሆን ሳልሰጠው አልቀርም። የማይገባኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የጥር ደብዳቤዬ ሲደርስህ እውነቱን የምታውቅ አንተ ነበርክ። አንዲት መስመር ብትጽፍ ይበቃ ነበር። አንተ ግን «ከሌባ ቤት አላገባም» ብለህ ጻፍክ፣ እኔም ያንን ቃል ጮክ ብዬ ለእማ አነበብኩላት። ከይሪያን መተው ፈልገህ ከሆነ የሰው ልብ ይለወጣል፣ በራስህ ስም ተናገረው፤ ማንም አያስገድድህም። በሀምዱ ስም ግን አትውጣ። ተናድጄብሃለሁ። ታላቄ ነህና ሸፋፍኜ ልጽፈው ሁለት ወረቀት ካበላሸሁ በኋላ እንዲሁ በቀጥታ መጻፉን መረጥኩ።

እኔ የድርሻዬን እንዲህ አድርጌአለሁ። ሸህ ዳምጤን ያንኑ ሰው እንዲሰበስቡልኝ ለምኜ፣ ስለ ሙቀቱና ስለ መንከባለሉ ተናግሬ፣ ሀምዱን በሐሰት ከስሻለሁ ብዬ ጉልበቱን ልስም ጎንበስ አልኩ። አንስቶ አቀፈኝ። ሰው ግን ዝም ብሎ አይሄድም፤ ታዲያ ኮይሉን ማን ለወጠው ተብሎ ተጠየቀ። ወደ ሀምዱ ስመለከት አትናገር በሚል ራሱን በጥቂቱ ነቀነቀ። እኔም አውቄዋለሁ፣ አልናገርም አልኩ። ሸህ ዳምጤ ዱዓ አድርገው በተኑን። አሁን ግማሹ ሰው ለጋብቻው ሲሉ ተሸፋፍነው ነው ይላል። ከጋራዡ የሄዱት ሞተሮች እስከ ዛሬ አልተመለሱም። የሀምዱ ስም ያለው በእኔ ይቅርታ ላይ አይደለም፣ ባንተ እጅ ላይ ነው።

ሞተሯን ከጠየቅኸኝ፣ ጸጋው ከአንድ የተጣለች ሞተር ላይ የራሷን ዓይነት ኮይል አግኝቶልኝ ሀምዱ ገጠመላት። ከዚያ በስድስት ሰዓት ፀሐይ፣ እሱ እየነዳ እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሐረጎን ወጣን። ሁለቱን ኩርባዎች አለፈችና አናቱ ላይ አቁሞ መዳፉን ኮይሉ ላይ አሳረፈ። «ሌላ ጊዜ ስትታመምብህ ባለችበት አቁመህ ጥራኝ፤ እኔ እመጣለሁ» አለኝ። ስንመለስ ቁልፉን ሳያጠፋ ነው የወረደው።

ከይሪያ እንድጽፍልህ ያዘዘችኝ ቃል ይህ ነው። መጀመሪያ ለወንድሟ ጻፍ፤ ሸህ ዳምጤ ሰው ፊት የሚያነቡት፣ በራስህ እጅ የተጻፈ ይሁን። ለእሷ አስቀድመህ ከጻፍክ ሳትከፍተው ትመልሰዋለች። ለእሱ ከጻፍክ በኋላ ስላንተ ምን እንደምታስብ ብጠይቃት «ያኔ አስባለሁ» አለችኝ፤ ከዚህ ያለፈ ነገር አላገኘሁም። እማ ስለዚህ ሁሉ የምታውቀው የለም፣ ከእኔም አትሰማም። የሚቀጥለው ደብዳቤህ ሲመጣ ግን እንደወትሮው አጠገቧ ተቀምጬ፣ የጻፍከውን አንድ ቃል ሳልዘል አነብላታለሁ። ይህን አውቀህ ጻፍ።

እማ የፈተና ወረቀት የማርም መስሏት ማዶ ተቀምጣለች፤ ሁልጊዜ የምትለውን ስለማውቀው ራስህን ጠብቅ፣ ሶላትህን አትርሳ ብላሃለች። ሰልዋ በጣም ሰላም ብላሃለች፣ ፈተናዋን እንድታልፍ ዱዓ አድርግላት። ሸህ ዳምጤ ሰላም ብለውሃል፤ ደብዳቤ እጠብቃለሁ በለው ብለዋል። ጸጋው ባያውቅህም የሞተሯን ባለቤት ሰላም በልልኝ ብሏል። ሀምዱም ሰላም ብሎሃል፤ እኔ ሳልጠይቀው ነው ያለው።

ከይሪያን ጠይቄአት ነበር። የሚላክ ሰላምታ የለኝም አለች።

ወንድምህ ሙዓዊያ
ኮምቦልቻ
ግንቦት 24 ቀን 1994 ዓ.ም.